ለክረምት የተቀጠረ ባሕር

ጌጤነሽ ቀን ቀን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች። የተረፈውን ጊዜዋን የምትሰጠው ፖርቶ ሪኮ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀረጻ ለማዘጋጀት ነው። የኛ ሰው ባሕር ያልታየበት የመዝሙር ክሊፕ ክሊፕ አይመስለውም። ክትፎው ከዘንባባ ሥር ካልቀረበ ማስታወቂያ አላሠራም ብሎ የሚያኮርፍ የምግብ ቤት ባለቤትም አይጠፋም። ፖርቶ ሪኮ ደግሞ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ግሪን ካርድ የያዘ ሁሉ ቪዛ ሳይል ደርሶ ይመለሳል።

ሥራዋን ታውቅበታለች። የቀረጻ ፈቃድ ታወጣለች፣ መኪና ትከራያለች፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አጣርታ ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ ትመርጣለች። በነጭ ቀሚስ ማዕበል ውስጥ ካልገባሁ የሚል ዘማሪ ሲያጋጥማት በትህትና ትመልሰዋለች። አንድ የማትሽረው ሕግ ነበራት፦ በአውሎ ነፋስ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር፣ ማንንም ይዛ አትሄድም።

በፈረንጆቹ 2013፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ደጃፍ ላይ ጋሽ ብርሃነመስቀል ክንዷን ያዝ አደረጓት። ጋሽ ብርሃነመስቀል ዕድሜያቸውን በአስተማሪነት የፈጁ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ወደ አሜሪካ ያመጣቻቸው አዛውንት ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ አብርሆት ጋር ሆነው ሲዘምሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

«ልጄ፣ አንዱን መዝሙራችንን ባሕር ዳር አስቀርጪልን» አሏት። «ምጽዋ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ እያልኳት ሳላሳያት ቀረሁ። አሁን ዓይኗ እየደከመ ነው።»

«በደስታ ጋሼ። መቼ ይሁንልዎት?»

«ክረምት ላይ አድርጊልን።»

ጌጤነሽ ደስ አላት። አሜሪካ ውስጥ የኖረችበት ዘመን አገር ቤት ከኖረችበት በልጦ ነበርና ለእሷ ክረምት ማለት በረዶ ነው። ሁሉን ነገር ለጥር አመቻቸች።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ብርሃነመስቀል ደወሉ።

«ልጄ፣ እኛ ሻንጣችንን ሸክፈናል። ክረምቱ ገባ፣ አንቺም ዝም አልሽን።»

«ጋሼ፣ ክረምት እኮ ገና ነው። ለጃንዋሪ ነው ሪዘርቭ ያደረግኩላችሁ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ለአስተማሪ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ምጽዋንም ቃል የገባሁላት ሁሌ ለክረምት ነበር። ሐኪሙ እስከ ኅዳር ካየች ትልቅ ነገር ነው ብሎኛል። ለእሷ አልነገርኳትም፤ አደራ።»

ጌጤነሽ ስልኩን ዘግታ መኪናዋ ውስጥ አለቀሰች። በገዛ ቋንቋዋ የተነገራትን አንድ ቃል ሳትሰማ በመቅረቷ አፈረች። ከዚያ ለካሜራ ባለሙያው ለኖህ ደወለች።

«ኦገስት ላይ? አብደሻል እንዴ?» አላት።

«አብጃለሁ። ትመጣለህ አትመጣም?»

መጣ። ዝናቡም መጣ። አራቱም ፖርቶ ሪኮ ባለው ሆቴላቸው ውስጥ ተቀምጠው መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ ሲያዩ ሰነበቱ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ግራጫ ጉም እንጂ ባሕር የሚባል ነገር አልነበረም። በመመለሻቸው ቀን ጠዋት ግን ሰማዩ ትንሽ ገለጥ አለና እየተጣደፉ ወረዱ። ኖህ ካሜራውን ተከለ።

«እትዬ፣ ፊትዎን ወደ ባሕሩ» አለ።

እትዬ አብርሆት ባሕሩን ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ አዩት። «ሰፊ ነው። ተመስገን» አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። ኖህ መቅረጽ ሲጀምር ፊታቸው አሁንም ባላቸው ላይ ነው።

«እትዬ፣ ባሕሩን ይዩልን እንጂ። ለእርስዎ ብለን እኮ ነው የመጣነው።»

«አየሁት፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ለባላቸው፣ «ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ቀና ይበሉልኝ፤ ጺምዎን እንኳ በወጉ አልተላጩም።»

ጋሽ ብርሃነመስቀል ቀና አሉ። ኖህ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ጌጤነሽን አያት። ከባሕሩ በኩል ደመናው ተመልሶ እየመጣ ነበር።

«ተዋቸው፤ እንዳሉ ቅረጻቸው» አለችው።

ክሊፑ ለገና በቤተ ክርስቲያን ታየ። አረጋሽ የምትባል የመዘምራን አባል ወደ ጌጤነሽ ጠጋ ብላ፣ «እዚያ ድረስ ሄደው አንድ ጊዜ እንኳ ባሕሩን አላዩትም እኮ» ስትል አንሾካሾከች። የጌጤነሽ ጆሮ ፊት ለፊታቸው ከተቀመጡት ባልና ሚስት ዘንድ ነበር። እትዬ አብርሆት አሁን እስክሪኑ አይታያቸውም፤ የባላቸውን እጅ ይዘው የራሳቸውን ድምፅ ይሰማሉ።

«እዚያ ላይ ምን እያደረግሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔን እያየሽኝ ነው።»

መዝሙሩ ጥቂት እንደሄደ፣ «አሁንስ?» አሉ።

«አሁንም» አሏቸው ጋሽ ብርሃነመስቀል።