በግድግዳው ውስጥ የኖረ አማና

ዙሀራ ከወሎ ወደ መቐለ የመጣችው አብዱሰመድ የሚባል ብር ሠሪ አግብታ ነው። አብዱሰመድ ከገበያው በላይ ባለች የድንጋይ ቤታቸው ውስጥ አልቦና አምባር፣ ለክርስቲያኖቹም የአንገት መስቀል ይሠራ ነበር። ማንበብና መጻፍ አያውቅም። ሰው ግን ያምነዋል። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የጣሊያን ጦር መረብን መሻገሩ ሲሰማ፣ የሰፈሩ ሴቶች ወደ ገጠር ከመሸሻቸው በፊት ጌጣቸውን እየቋጠሩ እሱ ዘንድ አስቀመጡ፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም።

"የት ልታኖረው ነው?" ብላ ጠየቀችው ዙሀራ።

"አላውቅም ብለሽ ስትምዪ መሐላሽ እውነት ይሁን" አላትና ለሦስት ቀን ቁሓ፣ ዘመድ ቤት ላካት። ስትመለስ ቤቱ እንደ ወትሮው ነበር።

ጣሊያኖች ከገቡ ከወር በኋላ፣ ለዘማቾች ጠመንጃ ይጠግን ነበር ብሎ አንድ ሰው ጠቆመበት። እጁን አስረው በመኪና ጭነው ወደ አስመራ ወሰዱት። ዙሀራ አቧራው እስኪውጣት ድረስ ከኋላው ሮጠች፤ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ቀሩ። እስር ቤት ውስጥ መሞቱን የነገራት በዓመቱ የመጣ የጨው ነጋዴ ነው።

ከሽሽት የተመለሱ ጎረቤቶቿ አብረዋት አለቀሱ። ከአርባው በኋላ ግን አንድ በአንድ እየመጡ ዕቃቸውን ጠየቁ። ዙሀራ የቤቱን ወለል ሁለት ጊዜ ቆፈረች፤ ጓሮውን ገለበጠች፤ ምንም አላገኘችም። በተለይ በአጥር የምትዋሰናት የኔአለም አላመነቻትም። የኔአለም ለልጇ ለብርቄ ሠርግ ያሠራችውን የእግር አልቦ ነበር ያስቀመጠችው። ብርቄ ያለ ጌጥ የተዳረች ዕለት፣ የኔአለም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "የልጄን እግር ሸጠሽ በላሽ!" ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ወዲህ "ሌባዪቱ" የሚለው ስም ከዙሀራ ላይ አልወረደም።

ወሎ፣ ወረኢሉ ያለች የዙሀራ እናት ታማ "ትምጣልኝ" ብላ ላከችባት። አልሄደችም። ብሄድ ይዛው ጠፋች ይላሉ ብላ ፈራች። ቤቱን የሚገዛ ሰው ሲመጣም "የሰው አማና፣ የሰው አደራ ያለበት ቤት አይሸጥም" ብላ መለሰችው። በርበሬና ቅመም እየሸጠች ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች።

በ1935 ጥር ወር ይማም የሚባል የወረኢሉ ልጅ በርበሬ ሊገዛ መጣ። አነጋገሩ ያገሯ ሆነና ቁጭ አድርጋ አበላችው። ይማም ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ጣሊያን ቀብሮት የሄደውን ፈንጂ ከሚያወጡ እንግሊዞች ጋር ነው የሚሠራው። ሥራውን ሲያጫውታት፣ "ረጅም እጀታ ያለው መሣሪያ አለን፤ መሬት ለመሬት ስንነዳው ከሥር ብረት ካለ ጆሯችን ላይ ይጮኻል" አላት።

ዙሀራ የያዘችውን ስፌት አስቀመጠች። "ብርስ ሲሆን ይጮኻል?"

"ብርም ሆነ ናስ፣ ሁሉም ይጮኻል።"

ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ይማም አለቃውን ለምኖ በእሑድ ቀን ባትሪውን በጀርባው አዝሎ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ መጣ። ገና ከደጃፉ መሣሪያው ጮኸ። ሁለት እርምጃ ሄደ፤ አሁንም ጮኸ። ቢቆፍሩ የወጣው የተሰበረ ወረንጦና የብር ድቃቂ ነው። አብዱሰመድ ያን ያህል ዘመን ሲሞርድ የረገፈው ሁሉ ወለሉ ውስጥ ገብቷል።

"መሬቱ በሙሉ ይጮኻል፤ አልቻልኩም" አለ ይማም። ዙሀራ ባለችበት ተቀመጠች።

ይማም ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና፣ "እትዬ፣ ድቃቂው ግድግዳ አይወጣምኮ" አላት። መሣሪያውን አዘንብሎ ድንጋዩን ይዳብስ ጀመር። አንዱ ግድግዳ ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም አለ። የእህሉን ጎታ ገፋ አድርገው ከበስተኋላው ሲሞክሩ ይማም ዓይኑ ፈጠጠ። ማዳመጫውን አውልቆ ለእሷ ሰጣት። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ሰማች።

ይማም ዲጅኖውን አነሣ።

"እንዳትነካው!" አለችው። "ሌባ የተባልኩት ብቻዬን ስለነበርኩ ነው። ዛሬ ብቻዬን አልከፍተውም።"

እሷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ይማም ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም አንዳንድ ሽማግሌ ጠርቶ መጣ። ወሬው ሮጦ ሴቶቹም ተሰበሰቡ። ድንጋዩ ሲነሣ አፉ በጭቃ የተመረገ እንስራ ታየ። በውስጡ ያለው ቋጠሮ ሁሉ፣ ከየጌጡ ባለቤት ቀሚስ ወይም ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ታስሯል። መጻፍ የማያውቀው አብዱሰመድ እያንዳንዱን ለይቶ ያስቀመጠው በዚህ ነበር።

"የኔ ጥለት ነው!" ብላ አንዷ ጮኸች። ብሩ ጠቁሯል እንጂ የጎደለ የለም። ሴቶቹ የየራሳቸውን እየተቀበሉ፣ ዙሀራን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። አንዷ ብቻ ጉልበቷ ላይ ወድቃ "ሓፍተይ፣ ይቕረታ፤ እህቴ፣ ይቅር በዪኝ" አለቻት።

በመጨረሻ የቀረው የየኔአለም ቋጠሮ ነበር። የኔአለም ባለፈው ኅዳር ሞታለች። አልቦውን የተቀበለችው ብርቄ ናት፤ ዙሀራን በትግርኛ እንደ እናት ጠራቻት።

"ኣደይ ዙሀራ፣ እናቴ ሌባ እንዳለችሽ ሞተች። ማሪያት" አለች እያለቀሰች።

"ምሬያታለሁ። ግን በጆሮዋ እንድትሰማ ነበር የምፈልገው።"

በማግስቱ ሁለቱ አብረው የኔአለም ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ዙሀራ ከቅጥሩ ውጭ ቆመች፤ ብርቄ ገባች። ስትመለስ "ነገርኳት" አለቻት። ዙሀራ ቅጥሩን ተደግፋ አለቀሰች፤ የባሏን ሞት ከሰማች ወዲህ ሰው ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ብርቄ እስኪወጣላት ድረስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።

ክረምት ሳይገባ ቤቱን ሸጣ በጭነት መኪና ወደ ወረኢሉ ሄደች። እናቷ ግን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ወንድሟ ኢስሃቅ በሩን ከፍቶ ሲያያት ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድም፣ "ምን አቆየሽ? እስከ መጨረሻው በር በሩን ስታይ ነበርኮ" አላት።

ዙሀራ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ስትጨርስ ኢስሃቅ ጓዟን አንሥቶ ወደ እናቷ ክፍል አስገባላት።