ሸምሱ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች

መካኒሳ፣ ወንዙን ሳይሻገሩ ካሉት ሱቆች በአንዱ በረንዳ ላይ ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የስልጤ ሰው ነው። አጎቱን ተከትሎ አዲስ አበባ የገባው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ሲሆን፣ እዚያው ሲንጀር የስፌት መኪናው ላይ እንደተጎነበሰ ፀጉሩ ገብስማ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ የመኪናውን ኳኳታ፣ የደንበኛውን ንዝንዝ፣ የመንገዱን ጡሩምባ ሲሰማ ይከርምና እሁድ ሲመጣ ጆሮውን ማሳረፍ ይፈልጋል። ሌላው መዝናኛ ሲል እሱ ጭር ያለ ቦታ ፈልጎ መቀመጥ ይወድ ነበር።

አዲስ አበቤ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት ለገሃር ወስዶ ባቡሩን ያሳየዋል፤ የድንጋዩን አንበሳ ያሳየዋል፤ የቤተ መንግሥቱን አጥር በሩቁ ያስጎበኘዋል። ሸምሱ ግን የአክስቱ ልጅ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ይዞት የሄደው ወደ ላፍቶ ቁልቁለት ነው። እዚያ፣ ወንዙ ታጥፎ በሚመለስበት ቦታ፣ ጣሊያን የሠራው ነው የሚባል ግማሹ የተናደ የድንጋይ ድልድይ አለ። ማንም አይሻገርበትም። በስንጥቁ መሃል ሾላ በቅሎ ቅርንጫፉን ውሃው ላይ ጥሏል። እንግዳው ትንሽ ተቀመጠና፣ «ይኸማ እኛም ዘንድ ሞልቷል! እኔ እኮ ከተማ ላይ ነው የመጣሁት» አለ። የሸምሱ ሚስት ሐሚዳ ይህን ሰምታ ሰሞኑን ስትስቅ ከረመች።

ሸምሱ ግን ከተማዋን የሚያውቃት በእነዚህ ጥግ ጥጎቿ ነበር። ሃና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ጥዶች ይወዳል። እስላም ነውና ግቢው አይገባም፤ ከጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ቅዳሴው በሩቁ ሲሰማው ያረፍዳል፤ ካህናቱም ለምደውት ሲወጡ ሰላም ይሉታል። ንፋስ ስልክ ደግሞ፣ ሰፈሩ ስሙን ካገኘበት የሬዲዮ ምሰሶ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነፋሱ ሽቦውን ሲያፏጨው ያዳምጣል። ከሁሉም የሚበልጥበት ግን ፉሪ መዳረሻ ላይ፣ ገደል ሥር ያለው የተተወ የውሃ ወፍጮ ነበር። ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ የሚፈጭበት የለም። ጣሪያው በአንድ በኩል ወርዷል፤ ውሃው ግን ዛሬም በቦዩ ሥራ እንዳለበት ሰው እየተጣደፈ ይፈሳል።

አብዮቱ መጣና እሁድን ወሰደበት። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ሆነ። በ1970 መባቻ ላይ ደግሞ ስብሰባው ሌላ መልክ ያዘ፤ ሰው በስሙ እየተጠራ ይነሳል፣ ጥፋቱ ይነገራል፣ «እርምጃ ይወሰድበት የምትሉ!» ይባላል፣ እጅ ይወጣል። ሸምሱ ሁለት ሦስቴ ሄደ። ከዚያ መቅረት ጀመረ።

«በአላህ ይዤሃለሁ ሸምሱ» አለችው ሐሚዳ። «ሂድና እጅህን አውጥተህ ተመለስ። ተናገር ያለህ የለም።»

«እጄን ሳወጣ ማን ላይ እንደማወጣው አውቀዋለሁ» አላት። «ያለፈው እሁድ የተነሳው ሰውዬ ሱሪውን እኔ ነኝ የሰፋሁለት።»

ሐሚዳ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ፣ ሰፈሩ ስብሰባ ላይ እያለ፣ ሸምሱ ፉሪ ወርዶ ወፍጮው ቤት አንገቱን ሲያስገባ ሰው አየ። ሴት ናት። የተሰነጠቀው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ከፊቷ በፊት ያወቀው የቀሚሷን ኮሌታ ነው፤ ሁለቴ አስፈትታ ያሠራችው ኮሌታ ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ኤሌኒ ናት። ባሏን ከቤቱ አውጥተው ከገደሉት ወዲህ እሷም የሕቡዕ ድርጅት ሰው ናት ተብላ ትፈለግ ነበር።

«እትዬ ኤሌኒ?»

«ጋሽ ሸምሱ! ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። እኔ እዚህ ሁሌም ብቻዬን ነኝ።»

በቡታጅራ መንገድ የሚያወጣት ሰው እንደምትጠብቅ፣ ሰውየው ግን እንደዘገየባት ነገረችው። ሸምሱ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። በማግስቱ ክር ልገዛ ነው ብሎ ወጥቶ ቆሎና ዳቦ ወሰደላት። ደግሞም ተመላለሰ። ለሐሚዳ አልነገራትም። ካላወቀች ቢጠይቋትም የምትናገረው አይኖራትም ብሎ ነው፤ ሐሚዳ ግን ጋቢው የት ገባ ብላ ሳትጠይቅ መቅረቷን ልብ ብሏል።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት፣ የአንዱን ኮት ገበር እየሰፋ ሳለ፣ አብዮት ጠባቂዎች በረንዳው ላይ ቆሙ። መኪናውን እንኳ አላስቆሙትም፤ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስተው ወሰዱት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተወረሰ ቪላ ነው። ጥያቄው የሚካሄደው ጋራዡ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ወጋየሁ ድሮ ሸምሱ ዘንድ ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ቢሆንም ያን ቀን እንደማያውቀው ሆኖ ተቀመጠ።

«ሬዲዮ ጣቢያው አጠገብ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ጊዜ ታይተሃል።»

«እቀመጣለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ሰው ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀመጣል? ለማን ነው የምታጠናው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭር ስለሚል ነው። ጭር ያለ ቦታ ደስ ይለኛል።»

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ሸምሱም የተናገረው ቃል ለራሱ ጆሮ እንኳ ውሸት ይመስል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያደረገውን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት አልቻለም። እጅና እግሩን ጠፍረው በእንጨት ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሲጮህም ያው ነው፤ እቀመጣለሁ፣ ብቻዬን፣ እቀመጣለሁ።

በመጨረሻ ወጋየሁ፣ «እሺ፣ የምትቀመጥባቸውን ቦታዎች አንድ ባንድ ታሳየናለህ» አለ። መሣሪያ ቀብሯል፤ ያም ባይሆን ሰው ያገናኛል ብሎ ጠርጥሮ ነበር።

በማግስቱ ላንድሮቨር ላይ ጭነውት ወጡ። አንደኛው ጠባቂ ጉርሜሳ ይባላል፤ ዝምተኛ የፉሪ ልጅ ነው፤ ሸምሱ መቆም ሲያቅተው ብብቱ ሥር ገብቶ የሚያወርደው እሱ ነበር። መጀመሪያ ድልድዩ ጋ ሄዱ። ሾላው ሥር በአካፋ ቆፈሩ። ሃና ማርያም ከጥዶቹ ሥር ያለውን አፈር በሳንጃ ወጋጉት። ደጀ ሰላም ላይ የቆሙት አንድ ቄስ ሸምሱን አይተው አወቁት፤ እግሩንም አዩ። አንገታቸውን ሰበሩና ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሜዳው ላይ ደግሞ ትክክል የት እንደሚቀመጥ አሳይ ተባለ። ተቀመጠ። ወጋየሁ ከኋላው ቆሞ እሱ በሚያይበት አቅጣጫ አየ።

«ከዚህ ምን ይታያል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

ሸምሱን ግርፋቱ እንኳ እንዲህ አላሳፈረውም። ገላውን ገልጦ ለሰው ያሳየ ያህል ነበር የተሰማው፤ እነሱ የረገጡትን ቦታ ሁሉ ዳግመኛ እንደማይቀመጥበትም እዚያው ታወቀው።

«ፉሪ መንገድ ላይም ታይተሃል» አለ ወጋየሁ። «እዚያስ?»

«ቅቤ ልገዛ ነው። ከገበሬዎቹ።»

ወጋየሁ ወደ ጉርሜሳ ዞረ። «አንተ የዚያ አገር ልጅ ነህ። ምን አለ እዚያ?»

«እርሻ ነው» አለ ጉርሜሳ። ቀጥሎም፣ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ሳይነቅል ሲጠብቀው፣ «ገደሉ ሥር አንድ የድሮ ወፍጮ አለ» አለ።

«እንየዋ።»

ላንድሮቨሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። መንገዱ ቁልቁልና ጭቃ ነው። ወጋየሁ ጫማውን አየና፣ «ጉርሜሳ፣ ውረድ። ፈትሽ» አለ። ጉርሜሳ ጠመንጃውን ወደፊት አዙሮ ወረደ። ሸምሱ መኪናው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራ። የሚጠብቀው የተኩስ ድምፅ ነበር። ውሃው ብቻ ይሰማል። ሲቆይ ሲቆይ ኮቴ ተሰማ።

«ፋንድያ ብቻ ነው» አለ ጉርሜሳ እያለከለከ። «እረኞች ጥጃ ያሳድሩበታል።»

መኪናው ዞሮ ተመለሰ። ሸምሱ ኤሌኒ የምትጠብቀው ሰው መጥቶላት ወጥታለች ብሎ አመነ። በእስር በቆየባቸው ወራት ያቆመችው ይህች እምነት ነበረች። ጋራዡ ውስጥ አብረውት ከሚተኙት ስማቸው ተጠርቶ የወጡ፣ ያልተመለሱም ነበሩ። ሐሚዳ በየቀኑ ምግብ ታመላልሳለች፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላት በሕይወት አለ ማለት ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ለምን እንደታሰረ እንዳልነገሩት ሁሉ፣ ለምን እንደፈቱትም ሳይነግሩት ለቀቁት።

ወደ በረንዳው ተመለሰ። ግራ እግሩ መርገጫውን እንደ ድሮው አልረግጥ አለው። ጥቂት ቆይቶ ጉርሜሳ ትከሻው ላይ የተቀደደ ካኪ ሸሚዝ ይዞ መጣ። የደንበኞች መቀመጫው ላይ ተቀመጠና ግራ ቀኙን አየ።

«ጋሼ ሸምሱ፣ መኪናውን አታቁም። እየሰፋህ ስማኝ።»

ሸምሱ መስፋቱን ቀጠለ።

«ነበረች» አለ ጉርሜሳ። «ጋቢ ተከናንባ ቁጭ ብላ ነበር። ጠመንጃውን ስታይ አልተነሳችም። ‹ልጅ አለህ?› አለችኝ። ‹አለኝ› አልኳት። ሌላ አልተነጋገርንም። ተመልሼ ወጣሁ።»

መርፌው ከመስመሩ ወጥቶ ሸሚዙ ላይ ተንጋደደ።

«ከዚያስ?»

«ሥራዬን እንደጨረስኩ ተመለስኩ። ዘመድ አለኝ፣ በቅሎ አለው፣ በእርሻ ለእርሻ ላሳልፋት ነበር። የለችም። እኔ ካየኋት ወዲያ ደርሰውብኛል ብላ ወጥታለች። ቡታጅራ መንገድ ያለው ኬላ ላይ ነው የያዟት። ያጎቴ ልጅ በዓይኑ አይቷታል፤ መኪና ላይ ሲጭኗት ጋቢው መሬት ወደቀ አለኝ።»

ሸምሱ እግሩን አነሳ። መኪናው ቆመ። የመንገዱ ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ መጣበት።

«በሕይወት አለች?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው አላገኘሁም።»

ሸምሱ ሸሚዙን ጨርሶ ሰጠው፤ ዋጋ አልተቀበለውም። ጉርሜሳም ከዚያ ወዲያ እዚያ በረንዳ ላይ አልታየም። ወደ ግንባር ተልኮ ሄደ ተባለ።

ኤሌኒ እናት ነበረቻት፤ ቄራ አካባቢ የምትኖር። ሸምሱ ሄዶ ሊነግራት አስቦ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። በሦስተኛው ደረሰ። አሮጊቷ ልጄ ሱዳን ገብታለች ብላ ለጎረቤቶቿ ስታወራ አገኛት። ሸምሱን፣ «አንተ ማነህ?» አለችው። «ልብሷን የምሰፋላት ነኝ። ደህንነቷን ልጠይቅ ነው» አለ። ሻይ አቀረበችለት። ጠጥቶ ወጣ። ከጋቢውም ሆነ ከኬላው አንድም ቃል አልነገራትም። ደግ አድርጎ እንደሆነ ወይም በድሏት እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው ኖረ።

እሁድ እሁድ ስብሰባ መሄድ ጀመረ። ከኋላ ይቀመጣል፤ እጅ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ድልድዩ ጋ አልሄደም፤ ጥዶቹ ጋ አልሄደም። ሲተኛ ይቃዣል። ቀን ደግሞ ከሰው ጋር ማውራት ተወ፤ ደንበኞቹም በምልክት ሊያናግሩት ምንም አልቀራቸውም።

አንድ ዓመት አልፎ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐሚዳ ሱቁን በገዛ እጇ ዘጋችው።

«ተነስ» አለችው። «የማሳይህ ቦታ አለ።»

ወደ ለቡ ወሰደችው። ያን ጊዜ ለቡ ገና የገብስ ማሳ ነበር። ከማሳው ጀርባ፣ በሁለት ትላልቅ ድንጋዮች መካከል፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የለመለመ ሣር አለ። ከዚያ ሆኖ ሲያዩ ከተማው ጨርሶ አይታይም፤ ገብሱ ብቻ ነው፣ ከወዲያ ደግሞ የፉሪ ተራራ። ድሮ የምትስቅበት ሴት፣ ለካ እሱ እስር ቤት ሳለ ምግብ አድርሳ ስትመለስ ልቧ ሲከብዳት እየመጣች እዚህ ትቀመጥ ኖሯል።

ነጠላዋን አንጥፋለት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነፋሱ ገብሱን እያስተኛ ያነሳዋል። ቦታው ጭር ያለ ነው፤ ሸምሱ ከሚያውቃቸው ሁሉ ጭር ያለ። እሱ ግን ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ዞሮ መንገዱን ያያል።

«ማን ይመጣል ብለህ ነው?» አለችው ሐሚዳ።

«ማንም» አላት።

እጁን ያዘችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዞሮ አየ።