መርፌ የጠፋችበት ዓመት

አባቴ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ወፍ መቁጠር ነው። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ለጓደኞቼ «ሾፌር ነው» እያልኩ እዋሽ ነበር። ጫካው ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ዐሥራ ሁለት ችካሎች አሉ። ጎህ ሲቀድ ይወጣና እያንዳንዱ ችካል አጠገብ ዐሥር ደቂቃ ቆሞ የሰማውንም ያየውንም ወፍ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ቆሟል። የምርምር ጣቢያው ሰዎች በእሱ ቁጥር ስንት ጽሑፍ እንዳሳተሙ እግዜር ይወቀው። እሱ አንዱንም አላነበበም፤ «የራሴን ቁጥር መልሼ ላንብበው?» ይላል።

ከወፎቹ ሁሉ አንዷን አብልጦ ይወዳል። አውራ ጣት የማታክል፣ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር፣ በድምፅ ብቻ የምትታወቅ ናት። ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ «መርፌ» ብሎ ሰየማት፤ ጣቢያው ሁሉ መርፌ ይላታል። ቁጥሯ ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቶ ከአራት ዓመት ወዲህ በስሟ ሥር የሚጻፈው ዜሮ ብቻ ሆኗል።

ዘንድሮ ከምርምር ጣቢያው አንዲት ተመራማሪ መጥታ ደብተሮቹን አገላበጠች።

«አባባ፣ መርፌ ጫካውን ለቃለች ብዬ ልጽፍ ነው፤» አለችው። «የጠፋችበት ዓመት በትክክል ከታወቀ ምክንያቱ ላይ እንደርሳለን። መንገዱ ጫካውን ሲሰነጥቀው ነው የሄደችው ወይስ ሙቀቱ ሲብስ?»

አባቴ አፉን ሞልቶ ዓመቱን ነገራት። ቤት ሲመጣ ግን ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። ለአንዲት ወፍ ብሎ መሆኑ በጣም አናደደኝ። እኔ ታምሜ የተኛሁ ቀን እንኳ ምሳውን አሟጦ የበላ ሰው ነው!

ጉዱ የወጣው እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ለቆጠራ የሚጠቀምበት የእጅ ሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ እንዲጮኽ የተደረገ ነው፤ ያን ቀን ቤት ውስጥ ጮኸ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰዓትህን ዝም አሰኘው!» አለችው።

«የቱን ሰዓት?»

«እጅህ ላይ ያለውን ነዋ!»

አባቴ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «የዚህ ድምፁ ከተበላሸ ቆየ እኮ። በዐይኔ እያየሁ ነው የምሠራው፤» አላት። ሰዓቱ ጆሮው ሥር ሆኖ ይጮኻል።

እናቴ «ድሮም ለኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ነህ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

የጆሮ ሐኪሙ ማዳመጫ አደረገለትና ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነገረው። መጀመሪያ ላይ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቶሎ ቶሎ አነሳ። በኋላ እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ሐኪሙ ቁልፉን መጫኑን አላቆመም፤ አባቴም ዐይኑን ጨፍኖ በትዕግሥት ይጠብቃል።

«ወፍራሙን ድምፅ ደህና ይሰማሉ፤ ቀጭኑ ግን ሄዷል፤» አለ ሐኪሙ። «ዕድሜ ነው። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱን እንጃ። ከዚህ በፊት አልተለኩም።»

ጆሮህ ሄዷል ተብሎ እንዲህ የፈነደቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ገና ከበሩ ስንወጣ ክንዴን ጨብጦ «እንግዲያው መርፌ አለች! እሷ የትም አልሄደችም፤ የሄድኩትስ እኔ ነኝ!» እያለ ይስቃል። አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያየናል። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ፣ ግራ ገባኝ።

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። ተመራማሪዋን ምክንያቱን ሳልነግራት ጠይቄያት በስልክ የላከችልኝን የመርፌን ድምፅ መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩ አዳመጥኩ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈውና ራሱን ነቅንቆ መለሰልኝ። አንደኛው ችካል ጋ ስንደርስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሩን ለሌላ ሰው ሰጠ። ወፎቹ ተንጫጩ። እሱ ዛፎቹን ትቶ የኔን ፊት ያያል።

«ትሰሚያታለሽ?»

«አይ አባዬ።»

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ጋ እንደዚያው። ዘጠነኛው ችካል ጋ «አዎ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤ እሱ ሃያ ሦስት ዓመት በጻፈበት ደብተር ላይ ውሸት መጻፍ አቃተኝ። አምስት ቀን ተመላለስን፣ ያውም በምትዘምርበት ወቅት። አምስቱንም ቀን ዜሮ ጻፍኩ።

እንግዲህ የአባቴም ጆሮ ሄዷል፣ መርፌም ሄዳለች። ማን እንደቀደመ ግን ሐኪሙም አያውቅ፣ ደብተሩም አያውቅ። ለተመራማሪዋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ የቱን ዓመት ልጻፍ?» አለችኝ። እኔን ትጠይቀኛለች!

አባቴ ያን ቀን የድሮዎቹን ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስከ ሰርክ አገላበጠ። ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሁለት፣ ከዚያ ዜሮ። በጣቱ እየተከተለ ወደ ኋላ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ጣቱን አንዱ ዜሮ ላይ አሳርፎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣» አለኝ፣ «እሷ ከራሴ በላይ ቆማ እየዘፈነች ዜሮ ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ ማለት ነው?»

«ሊኖር ይችላል አባዬ፤» አልኩት።