ሠርጌን ያስጠበቀች መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዮናስና ሦስት ጓደኞቹ ደብረ ብርሃን ባለው ግቢያችን አንዲት አሮጌ መኪና ከብበው ዋሉ። የአሜሪካ ናት፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ባለ ስምንት ፒስተን። ሞተሯ ይቀየር፣ ፍሬኗ በዘመናዊ ይተካ፣ ወንበሯ ቆዳ ይልበስ እያሉ ይማከራሉ። ምሳ ሳቀርብላቸው ሳቄ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?» አለ ዮናስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን እያልሁ ነው» አልሁት።

እውነቴን ነበር። እነሱ ሲበሉ እኔ በልቤ አንኮበር፣ አባቴ ቤት ገባሁ።

ያን ጊዜ ለሽፈራው ታጭቼ ነበር። ሽፈራው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፣ ደመወዝተኛ፣ ቁመተ ሎጋ። ሽማግሌዎቹ አመስግነው አይጠግቡትም። አንድ ነገር ብቻ ሳይነግሩን ቀሩ፤ አጎቱ ሲሞት መኪና አውርሶታል።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የተቆረጠ ቀን ደግሞ አይነካም። ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ የለም። ከዚያ በኋላ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ ክረምት ይከተላል። እናቴ ጌሾውን አስወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ ድፍድፉ በየጋኑ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቱም የየድርሻውን አምጥቷል።

ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ በጉም ውስጥ መጡ። ከጋቢያቸው ውኃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመው ተያዩ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሽፈራው ሙሽራዪቱን በበቅሎም በኪራይ ጂፕም አልወስድም፣ በአጎቴ መኪና ነው የምወስዳት ብሏል። የመኪናዋ ሞተር ደግሞ ወርዷል፤ በምትኩ የጭነት መኪና ሞተር ሊገባላት ነው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ታገሡን አሉ።

እናቴ «ድፍድፉስ?» ብቻ አለች። ሽማግሌዎቹ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨመቁ።

ጠላው ለአስተርእዮ ማርያም ዝክር ሆነ። ሠፈሩ ጠጥቶ መረቀን። እንደዚያ ያለ ጠላ ከዚያ በፊትም በኋላም ጠምቀን አናውቅም። ሽፈራው ሳይቀምሰው በመቅረቱ ዛሬም እመቤቴን አመሰግናታለሁ።

ለእኔ ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ታጭታ የቀረች ልጅ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ የያዙትን ወሬ ያቋርጡ ነበር። ቀኑ አንዴ ከተገፋ ጾም አለ ይባላል፤ ሁለቴ ከተገፋ ግን ጉድለቱ ከልጅቷ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የሚልክ አይኖርም።

ፋሲካ እንዳለፈ አባቴ «ነገሩን በዓይናችን እንየው» አለ። የታጨች ልጅ እጮኛዋ ግቢ አትሄድም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ ነው ተባለ። የአክስቴ አጥር ከሽፈራው ግቢ ጋር ይገጥማል፤ መሻገሪያ በርም አለው። መንገዱ አቧራ ነበር። ግራና ቀኙን የበልግ ገብስ ቀጠን ያለ አረንጓዴ ለብሷል፤ በጎች መንገድ እየዘጉ አውቶቡሱን ያቆሙታል። አባቴ ከኪሱ ቆሎ ዘገነልኝ። እየተቆጣ ነበር የሚቆረጥመው። ለሽፈራው የሚለውን እስከ ከተማው ድረስ ሲያሰማምር ሄደ።

መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጎማ የላትም። ኮፈኖዋ ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ሞተሩ ማዳበሪያ ለብሶ ጥግ ይዟል። ሲለካ ለካ ከአፍንጫዋ ይበልጣል። ስለዚህ ኮፈኖው ሊበሳ ነው። ሞተሩ ስለሚከብዳት የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ከሥር የሚሸከማት ድርብርብ ብረት፣ ሊገባላት ነው። ባሌስትራው ከፍ ስለሚያደርጋት ደግሞ ትልልቅ ጎማ ሊፈለግላት ነው። ይህን ሁሉ ሽፈራው እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል።

ጓደኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመክራሉ። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ «ልክ ነው» ይላሉ። ቀጥሎ ሌላው ተቃራኒውን ሲናገር «እሱም ልክ ነው» ይላሉ። ምክር በተባለ ቁጥር በግ ይታረዳል፤ ስንደርስም ጥብሱ ይሸት ነበር። በመኪናዋ ላይ የተጨመረ ብረት አክስቴ አላየችም። ከግቢው የሚጎድለውን በግ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች።

የባሰው አባቴ ነው። ሊቆጣ የመጣው ሰውዬ እጁን የመኪናዋ ጎን ላይ አሳርፎ እንደ በሬ ይደባብሳት ጀመር።

«የአንኮበርን ዳገት ትወጣዋለች?» አለ።

«አባባ፣ ዳገቱ ይፍራት እንጂ» አለ ሽፈራው።

አባቴ ሳቀ። በዚያ ሳቅ ሠርጌ ለሁለተኛ ጊዜ እንደተገፋ ገባኝ።

ከጓደኞቹ አንዱ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣው፣ ወደ እኔ ዞረ። «ሙሽራዬ፣ ቀለሙን እንኳ አንቺ ምረጪልን እንጂ። ምን ዓይነት ትወጃለሽ?»

«ጎማ ያላት» አልሁት።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣለች። ሽፈራው ግን አልገባውም። «ጎማውማ ከአዲስ አበባ ይመጣል» ብሎ በቁም ነገር አስረዳኝ። ልቤ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ቢቆጣ ኖሮ ምናልባት እጠብቀው ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ አንኮበር ተመለሱ። እስከ መጪው ጥር ይሁንልን አሉ። አባቴ እሺ ሊል ሲል የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ «ልጅቱም ትጠየቅ» አሉ። በእኛ ዘመን ልጅ አትጠየቅም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት መምሬ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን በሄዱበት ሽፈራው ግቢው አስገብቶ ያንን ሞተር ጠበል እንዲረጩለት ለምኗቸው ኖሯል። «መኪናህ ስትሄድ ጥራኝ» ብለውት ወጥተዋል።

ከጓዳ ወጥቼ ቆምሁ።

«አባቶቼ፣ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደለም። ግን እኔን አይደለም የሚጠብቀው። ዛሬ ባሌስትራ ይጠብቃል፤ ባሌስትራው ሲገኝ ጎማ ይጠብቃል። ለሚጠብቅ ሰው አልዳርም። ለሚመጣ ሰው ዳሩኝ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከመናገሩ በፊት እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ለማጫ የመጣልኝን ቀሚስና ጫማ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ይዛ ወጣች። ቀሚሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፏል። መቼ እንዳዘጋጀችው እስክትሞት አልነገረችኝም። ቋጠሮውን ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠችና «ይህን በቅሎም ይችለዋል» አለች።

ወሬው ክረምቱን ሙሉ ከዝናቡ ጋር ወረደብኝ። እኔም ፍልሰታን ጾምሁ። መስቀል እንዳለፈ የመዘዞ ሰው የሆነ አንድ አስተማሪ ሽማግሌዎች ላከብን። የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ነው የላከው። በጥር፣ በተቆረጠው ቀን፣ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። በቅሎዎቹ ዳገቱ ላይ እየተንሸራተቱ ስላስቸገሩ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በእግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ደረሱ። ነጭ ልብሱ ነጭ አልነበረም። ቀኑ ግን ያው ቀኑ ነበር። ነፍሱን ይማርልኝ።

ሽፈራውም በኋላ አግብቷል። ሚስቱ ጥሩ ሰው ናት፤ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣት። አሁን ከዘራ ይዟል፤ አልፎ አልፎ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ። የአጎቱ መኪና ዛሬም እዚያው ግቢው ውስጥ ድንጋዩ ላይ ናት። አምና ከቅዳሴ ስንወጣ አስቆመኝና ጤናዬን ጠይቆ ሳይጨርስ «በላይነሽ፣ ባሌስትራውን አገኘሁት» አለኝ። «ተመስገን በል» ብዬው አለፍሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ መሳቅ ነውር ነውና አስፋልቱን እስክሻገር ታገሥሁ።

አሮጌ መኪና ማደስ ኃጢአት አይደለም። ብረትም ቢሆን የሚንከባከበው ይፈልጋል። የምንቀው የሰውን ዕድሜ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ስለ ብረት የሚመክረውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው አይዋሽም፣ አይሰርቅም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ የሚናዘዘው ኃጢአት እንኳ የለውም።

ዮናስም በጥር ያገባል። ልጅቷ የጫጫ ናት፤ እናቷ ብቅል ማብቀል እንደጀመሩ ልከውብኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ሳህኑን ሳነሣ አንድ ነገር ጠየቅሁት።

«ይህቺ መኪና ለሠርግህ ናት?»

«አስበን ነበር እማዬ።»

«ባትደርስስ?»

ጓደኞቹ መኪናዋን ተዉና እሱን አዩት። ዮናስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ጥያቄዬ ራሱ ግራ እንዳጋባው ሁሉ፣ «ባትደርስ በሚኒባስ ነዋ» አለኝ።

ሳህኑን መልሼ አስቀመጥሁና ወጥ ጨመርሁላቸው።