ለሽብሩ የሚደርስ ስብከት

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ «ግልጽነት» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት የቢሮ በር አልነበረም። ጋሽ ጠና ግን ወረቀት አላስፈለጋቸውም። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን የእንግዳ ሰባኪዎችን አማርኛ ወደ ሀዲይኛ ይመልሳሉ። ችግራቸው አንድ ነው፤ ያልገባቸውን አይተረጉሙም። ሰባኪው ገና ሞቅ ሲለው ዞር ብለው «ምን ማለትዎ ነው?» ይሉታል፤ ያውም በማይክ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ እንግዳ በዚህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተቋረጠና ምሳ ሳይበላ ሄደ። ሦስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «እንግዳ አዋረድክ» ብለው ጋሽ ጠናን ከአስተርጓሚነት አወረዷቸው፤ እኔን ተኩ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ?

እሁድ ሰባኪው ስለ «መለኮታዊው ዕርቅ ምስጢራዊ ጥልቀት» ሲናገር፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር በሀዲይኛ አንበለበልኩት።

በር ላይ እማማ እታለም እጄን ያዙ። ባላቸው ሽብሩ ወገባቸውን ታመው ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስብከቱን የሚሰሙት ከሚስታቸው አፍ ነው።

«አፍህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ሰውዬው ምን አለ? ለሽብሩ ምን ልንገረው?»

ለካ እኔም አልገባኝም ነበር። አፈርኩ።

በቀጥታ ጋሽ ጠና ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ፤ አናደዱኝ።

«ሰምቶ የሄደ ሰው ቤት ለቀረው መንገር ከቻለ፣ ያኔ ግልጽ ነው» አሉ። «ለምን አልጠየቅከውም?»

«ያወርዱኛላ!»

«ያውርዱህ።»

በሚቀጥለው እሁድ ሌላ እንግዳ «የዕርቀ ሰላም ልዕልና» ብሎ ሲጀምር፣ ማይኩን ይዤ ወደ እሱ ዞርኩ። «ምን ማለትዎ ነው?»

ከኋላ ወንበር የጋሽ ጠና ሳቅ ተሰማ። ሰባኪው ላቡን ጠረገ።

«ያስቀየምከውን ሰው ዛሬውኑ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው ማለቴ ነው።»

ያን ዕለት እማማ እታለም በር ላይ አልቆሙም። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ ሽብሩ ተጣደፉ።

ሽማግሌዎቹስ? እኔን ሊያወርዱ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሦስቱም ተከታትለው ጋሽ ጠና ደጃፍ ደረሱ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ከወንድማማችነት መንፈስ አኳያ…»

ጋሽ ጠና በሩን ይዘው ቆሙ። «ምን ማለትህ ነው?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«በድለንሃል፣ ጠና። ይቅር በለን።»

ጋሽ ጠና በሩን ለቀቁላቸው።