ጥቁር ኮት ለብሼ ሥራ የገባሁ ዕለት

ሰሞኑን የልጅ ልጄ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። «ሳፍታ፣ የሠርግም የቤትም ያልሆነ ልብስ ልበሺ ብለውኛል» አለችኝ፤ ሳፍታ በዕብራይስጥ አያቴ ማለት ነው። መስታወቱ ፊት ቆማም ሦስት ጊዜ ቀያየረች። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ ተብዬ ነበር።

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባን አሥር ዓመት አልፎን ነበር። ጎንደር እስከ አሥራ ሁለተኛ ብማርም፣ እዚህ የትምህርት ቤት ወለል ሳጸዳ ነው የኖርኩት። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ክረምት አንድ ክሊኒክ ለሽማግሌዎቻችን አስተርጓሚ ፈለገና ጠሩኝ። አለቃዋ ሩቲ «አንድ ወር ኒሳዮን ነው» አለች፤ ሙከራ ማለቷ ነው። ስለ ልብስም ነገረችኝ።

ጎንደር ቢሮ የሚገባ ሰው ከነከረባቱ ነበር። እዚህ ሐኪሙ በነጠላ ጫማ ይመጣል። የሁለቱን መሀል የሚያውቅልኝ አጣሁ። ልጄ ሲጋል ያኔ ወታደር ነበረች። ዓርብ ለሰንበት ስትመጣ መሀል ከተማ ወሰደችኝና ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ሸሚዝ መረጠችልኝ። «ኢማ፣ እናቴ፣ የቢሮ ልብስ ይሄ ነው፤ አትከራከሪኝ» አለች። አልተከራከርኩም።

የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። እዚህ ዝናብና ብርድ አብረው ነው የሚመጡት፤ ከተማው ያለበት ሸለቆ እርጥብ አፈሩ እስከ ክሊኒኩ በር ይሸታል። መጀመሪያ የገቡት የሰፈራችን ሰው አባ ደምሴ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ትርንጎ።»

ለባሌ መሰለኝ። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ሁለት ዓመትም ቆይቶ ቢሆን ያጽናናል፤ በእኛ ዘንድ ነውር የለውም። «አሜን፣ እግዜር ያኑርልኝ» አልኩ። ምን እንዳመማቸው ብጠይቅ፣ «የኔስ ይቆየኝ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁለት ሴቶችም እንዲሁ አጽናንተውኝ፣ አንዷም ጥቂት አልቅሳ፣ ጉዳያቸውን ሳይነግሩኝ ሄዱ።

አራተኛዋ ጎረቤቴ እቴ ብርቱካን ናት። አፏ ፈጣን ነው። «ወይ እኔ! ማን እንደሆነ እንኳ ሳልሰማ!»

«ምኑን?»

«የሞተብሽን ነዋ! ከራስ ጸጉርሽ እስከ እግርሽ ጠቁረሽ የለም እንዴ?»

አንድ ዓመት ለባሌ ጥቁር ለብሼ፣ አውልቄ፣ ተመልሼ እንደለበስኩት ያኔ ነው ያየሁት። «አባ ደምሴም ለዚህ ነዋ የሄዱት!» አልኩ።

«ሄዱ? አንቺ ሴት፣ ደረታቸውን አሟቸው ነው እኮ የመጡት! ሚስታቸው ነግራኛለች። ለሐዘንተኛ ሕመም አይነገርም ብለው ነው።»

ተነሥቼ ሮጥኩ። ሩቲ ከኋላዬ «ወዴት ነው?» ስትል እየሰማኋት ከበሩ ወጣሁ። ሙከራው በመጀመሪያው ቀን ያለቀ መሰለኝ።

ወደ ሰፈራችን የሚመልሰው አውቶቡስ የሚቆምበት ጣቢያ በወታደሮች ሻንጣ ተሞልቷል። የሚቆላው ሱፍ ይሸታል። አባ ደምሴ ጥግ ላይ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አባ ደምሴ፣ ማንም አልሞተብኝም።»

ላይ ታች አዩኝ። «ታዲያ ምን አጠቆረሽ?»

«የሥራ ልብስ ነው።»

«ሥራው ይህን ያህል ያሳዝናል?» ብለው ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠባቸው። «ከትናንት ጀምሮ ድንጋይ የተጫነኝ ያህል ነው፣ ልጄ።»

ደግፌ መለስኳቸው። ሐኪሙ ወዲያው አምቡላንስ ጠራ። አምቡላንሱ እስኪደርስ የሚጠየቁትን እየተረጎምኩ አጠገባቸው ቆየሁ። በመሀል እጄን ያዙ።

«የጠዋቱ ማጽናናቴ እንግዲህ ለማን ይሁን?»

«እኔስ ለባሌ መስሎኝ ነው አሜን ያልኩት።»

«ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ሲከነክነኝ ኖሯል። በይ፣ ለእሱ ይሁንልሽ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አባ ደምሴ ድነው ስንት ዓመት ኖሩ። ሩቲ ስለመውጣቴ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ወሩ ሲያልቅ የቋሚ ቅጥር ወረቀቱን አስፈረመችኝ። እኔም ሰማያዊ ሹራብ ገዛሁ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ።

ለልጅ ልጄ ይህን በአጭሩ ነገርኳት። «ያሻሽን ልበሺ፤ ሰው ግን የመጣበትን ሳይነግርሽ አይሂድ» አልኳት።

«ሳፍታ፣ እኔ ዘንድ እኮ ሰው አይመጣም። ሥራዬ ከኮምፒውተር ጋር ነው።»

ጥሩ ነው አልኳት። ሰው የማይመጣበት መሥሪያ ቤት ልብሱ ለማን እንደሚለበስ ግን፣ እሷ ከሄደች በኋላ ሳስበው ዋልኩ።