አባቴን የጻፈው ልጅ

አባቴ ከእንቅልፋቸው ሲባንኑ «ቢስሚላህ!» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ያማትባሉ። ጾም የማይገድፉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸውና ነገሩ ቤተሰቡን ያስቃል፤ ከደጃችን ግን አይወጣም። እናቴ በሕይወት ሳለች «አደራ፣ ለሰው እንዳታወሩ» ትለን ነበር።

እኔ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፈጠራ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ካለው ቤታችን ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚኒባስ እየተመላለስኩ። በአንዱ ኮርስ በየሳምንቱ አንዳችን የጻፍነውን እናነባለን፣ ሌሎቻችን እንተቸዋለን። ያን ቀን ተራው ከጅማ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር።

ታሪኩ ስለ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ወጣት ሳሉ አፈሳ በበዛበት ጊዜ፣ እዚሁ ሐረር ፈላና በር አካባቢ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ደብቆ አከረማቸው። ሽርጥ አስታጥቆ፣ «የእህታችን ልጅ ነው» እያለ ከገዛ ልጆቹ ጋር አስተኛቸው። እኚህ ሰው ዛሬም ከእንቅልፋቸው ሲባንኑ «ቢስሚላህ» ይላሉ። በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሐል ይህች አንድ ቃል መጥታ ጆሮዬ ላይ ወደቀች።

ሌሎቹ አተራረኩን አደነቁ። ይህን የአባቴን ልማድ ከረቂቆቼ በአንዱ ጽፌው ነበር፤ ላፕቶፔን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዚሁ ልጅ አደራ እያልኩ ሻይ ልጠጣ እወጣ ነበር። የመደበቁን ታሪክ ከራሱ ጨምሮበታል አልኩ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።

በሩ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ሻይ ቤት ከተዋወቅኳቸው አንድ አባት።»

«ማን ይባላሉ?»

«ስማቸውንማ አልነግርሽም። አደራ ብለውኛል።»

«አደራ ብለውህ ነው ክፍል ውስጥ ያነበብከው?»

አንገቱን ደፋ። አንገት መድፋቱን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት። የላፕቶፔን የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤ መቀመጫዬንም ቀየርኩ። ከሌሎች ጋር ሲስቅ ባየሁ ቁጥር በእኔ የሚስቅ ይመስለኝ ጀመር። ለመምህራችን ብነግራቸው «በምን ታረጋግጫለሽ?» አሉኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ አደባባይ ከሚኒባስ ስወርድ፣ አባቴን አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። በእጃቸው ጭምር እያወሩ ነበር፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ያ ልጅ ነው።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «ይሄ የጅማ ልጅ ወዳጄ ነው።»

ልጁ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። «አባትሽ ናቸው እንዴ?»

ድንጋጤው የውሸት አይመስልም ነበር። ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ለእሱ የነገሩትን ለእኛ ለምን አልነገሩንም?»

ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉ። «እናቴ፣ አያትሽ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ ብላ ልቧ ይሰበር ነበር። ከሞተች በኋላ ደግሞ ዝምታውን ለመድኩት።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንቺ ደራሲ ልትሆኚ ነው። ትጽፊዋለሽ ብዬ ፈራሁ። እሱ እንግዳ ነው፣ ሰምቶ አገሩ ይገባል አልኩ። ምን እንደሚማር መች ጠየቅኩት?»

የማደርገውን አጣሁ፤ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ታሪኩን እንደሚያጠፋው ነገራቸው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ንገረኝ። ምን ብለህ ጻፍከው?»

ከስልኩ እያየ ቀስ እያለ ተረጎመላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙት።

«ጀግና አታድርገኝ። ፈርቻለሁ። ወታደሮቹ በሩን ሲደበድቡ የቤቱ እመቤት ጨቅላ ልጃቸውን ደረቴ ላይ ጣሉልኝ። ሕፃን የታቀፈ ሰው አይጠረጠርም ብለው። የኔ እጅ ሲንቀጠቀጥ ልጁ አለቀሰ፤ እነሱም በለቅሶው ተሰላችተው ወጡ።»

ይህን ለእሱም አልነገሩትም ነበር። ሁለታችንም እኩል ሰማነው።

ታሪኩ በእሳቸው ፈቃድ፣ ሰፈሩ ተቀይሮ የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። ላፕቶፔን ፈጽሞ እንዳልከፈተ ማለልኝ፤ አመንኩት። ግን ዳግመኛ አደራ አልሰጠሁትም።

ተመርቆም እዚሁ ሐረር ማስተማር ጀመረ። አሁንም ማታ ማታ ከአባቴ ጋር ሻይ ይጠጣል። ስቀርባቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ስለ ምንድነው የምታወሩት?» እላለሁ።

«ስለ ዝናብ» ይላሉ አባቴ፣ ሰማዩን ቀና ብለው ሳያዩ።